ያልቀመስኩት ኬክ

ለባለቤቴ የጋገርኩት ኬክ በልኬት ረገድ እንከን አልነበረበትም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። የተሳሳትኩት ሚዛን በማይደርስበት ቦታ እንደነበረ አንባቢ ከወዲሁ እንዲያውቅልኝ ብዬ ነው።

ወደ ጋምቤላ የመጣሁት በወጣትነቴ፣ ለሁለት ዓመት ተመድቤ ነበር። ሁለቱ ዓመት የሥራ ዘመኔን በሙሉ ወሰደ። በክልሉ ቢሮዎች መዝገብ ቤት ስመራ ኖሬ ጡረታ ስወጣ ከእጄ የጠፋ ፋይል አልነበረም፤ ቁጥሩ የተዛባ ደብዳቤም ከጠረጴዛዬ ወጥቶ አያውቅም። ባለቤቴ መምህርት ነበረች። ኒውላንድ በሚባለው የከተማው ሰፈር በሠራናት ቤት አንዲት ሴት ልጅ አሳድገን ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ላክናት፤ እሷም እዚያው ቀርታ የኬክ ቤት ጋጋሪ ሆነች። መጀመሪያ ላይ ሥራዋ ቅር አሰኝቶኝ እንደነበር አልክድም። የቢሮ ሰው እንድትሆንልኝ ነበር ምኞቴ።

ባለፈው መስከረም ባለቤቴን ምግብ ደረቷ ላይ እየቆመ ያስቸግራት ጀመር። መጀመሪያ ሥጋ ተወች፣ ቀጥሎ እንጀራ፣ በኋላም ገንፎ ሳይቀር። ከጥምቀት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ይዣት ሄድኩ። ከጨጓራዋ አፍ አጠገብ ዕጢ ተገኘ። ውጤቱን የነገረን ሐኪም ወጣት ነበር፤ ነገር ግን ቃሉን መጥኖ የሚናገር ሰው ስለሆነ አከበርኩት።

«ዕጢው ሊወጣ ይችላል» አለ፤ «እሳቸው ግን በዚህ አቅማቸው ቀዶ ሕክምናውን አይችሉትም። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ማክሰኞ ይዘዋቸው ይምጡ። እስከዚያ ሦስት ኪሎ ይጨምሩ። ከቀነሱ ግን አንነካቸውም፤ ከአሁኑ ልንገርዎት።»

ሦስት ኪሎ። የተጠየቅነው ይህን ብቻ ነበር። ባለቤቴ ያን ዕለት አርባ ሦስት ኪሎ ትመዝን ነበር።

ከሆስፒታል ተመልሰን ልጃችን ቤት ስናርፍ፣ ከሥራ ቦታዋ አንድ ቁራጭ ኬክ በካርቶን ይዛ መጣች። ላዩ ጥቁር ነው፤ መሃሉ ግን ገና ያልረጋ እርጎ ይመስላል። ስፔን አገር ባስክ የሚባሉ ሕዝቦች ኬክ ነው አለችን።

«ይሄ'ኮ አሯል!» አለች ባለቤቴ።

«አውቀን ነው የምናሳርረው፣ እማዬ።»

«እኔ ባሳርረው ኖሮ አባትሽ ቃለ ጉባኤ ያስይዝብኝ ነበር።»

እየሳቀች በማንኪያ ቆርሳ ጎረሰች። ሁለታችንም ጉሮሮዋን ስናይ ቆየን። ወረደላት። ደግማ ጎረሰች፤ ያም ወረደ። ካርቶኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ በላች። ለወራት አንድ ምግብ ጨርሳ ስትበላ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጋምቤላ ስንመለስ ሙቀቱ ጀምሮ ነበር። ሁዳዴ ገባ። የንስሐ አባታችን ቤት ድረስ መጥተው ለእሷ ጾሙን ቢያነሡላትም፣ «ሰው ሁሉ ጾሞ እኔ ወተት ልጠጣ?» እያለች ሳምንታት አስቆጠረች። ሕመሙ ሲበረታባት እሺ አለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወተቱ እምቢ አላት። አጥሚት፣ ሾርባ፣ የተፈጨ ሙዝ ሁሉንም ሞከርን። ሁለት ማንኪያ ትወስድና ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ከደብረ ዘይት በኋላ በአንዱ ማለዳ ነው ሳልጠይቃት በራሷ የተናገረችው።

«ያ ያረረው ኬክ ቢኖር እበላ ነበር መሰለኝ።»

ለልጃችን ደወልኩ። በማግስቱ ሙሉ ኬክ በአውሮፕላን መንገደኛ እጅ ላከች። በረራው ዘገየ፤ ኬኩም ከአውሮፕላን ማረፊያው በባጃጅ ቤታችን ሲደርስ በካርቶኑ ውስጥ ቀልጦ፣ መጣፈጡ ቀርቶ ይሸት ነበር። ያን ጊዜ ነው እኔ እጋግረዋለሁ ያልኩት።

«አባዬ፣ አንተ እንቁላል ጠብሰህ ታውቃለህ?»

«መመሪያውን ላኪልኝ።»

ላከችልኝ። እኔም በወረቀት ገልብጬ፣ ተራ ቁጥር ሰጥቼ፣ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ግማሽ ኪሎ ለስላሳ ቺዝ፤ ክሬም ሩብ ሊትር፤ ስኳር መቶ ስድሳ ግራም፤ እንቁላል አራት፤ ዱቄት አንድ የሾርባ ማንኪያ፤ ጨው በሁለት ጣት የሚቆነጠር። እሳቱ ሁለት መቶ ሃያ ዲግሪ፣ ጊዜው ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ለእናቷ ከዓመታት በፊት የላከችላት ትንሽ የኤሌክትሪክ ኦቭን ነበረችን። ዲጂታል ሚዛን፣ የመጋገሪያ ወረቀትና ሙቀት የማይጎዳው የታሸገ ክሬም በሌላ መንገደኛ ደረሱኝ። ለስላሳው ቺዝ ግን የጋምቤላን መንገድ እንደማይችል አይተናል። «አይብ ግዛና ውሃውን ጨርሶ እስኪወጣ አንጠልጥለው፤ ከክሬሙ ጋር በጁስ መፍጫ ስታዞረው ይለሰልሳል» አለችኝ።

በሁዳዴ አይብ መፈለግ ቀላል ሥራ አይደለም። ክርስቲያኖቹ ሻጮች ወደ ገበያ አያመጡትም። ከተማ መሃል ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞሬ በመጨረሻ ያገኘሁት ከአቦቦ መንገድ የምትመጣ አንዲት ሙስሊም ሴት ዘንድ ነው። ወላጆቿ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ እሷ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ላም ታልባለች። አይቡ በነጭ ባልዲ ውስጥ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር።

«ሙቀት አይነካውም ጋሼ። ሳምንት ቢያስቀምጡት ምንም አይል» አለችኝ።

የሻጭ ወሬ ነው ብዬ አለፍኩት። አንድ ኪሎ ገዛሁ፤ ሲጨመቅ እንደሚቀንስ አስልቼ ነው።

አይቡን በንጹሕ ሻሽ አስሬ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰቀልኩት። በማግስቱ ማለዳ፣ መብራት ሳይሄድ ለመቅደም፣ ሥራውን ጀመርኩ። የተጨመቀው አይብ በሚዛኑ ላይ አምስት መቶ ሃያ ግራም መጣ። ሃያውን ቀንሼ አነሣሁ። እንቁላሎቹን እንኳ ሳይቀር መዘንኳቸው፤ የእኛ ሰፈር እንቁላል አንሶ ስለተገኘ አንድ ጨመርኩ። ልጃችን በቪዲዮ እየተከታተለችኝ ነበር። የመጋገሪያውን ወረቀት በክቡ መጋገሪያ ልክ ጠርዙን በማስመሪያ አጥፌ ስገጥመው ሳቋ ቤቱን ሞላው።

«አባዬ! ጨምድደህ ክተተው! ደብዳቤ አይደለም'ኮ!»

«ተጨምድዶ እንዴት ቀጥ ይላል?»

«ቀጥ እንዲል አይደለም የሚፈለገው። እማዬ፣ እዪው እስቲ!»

ስልኩን ወደ መኝታ ቤት ወሰድኩላት። ባለቤቴ ወረቀቱን አይታ ፈገግ አለችና «ተይው፤ ጡረታ መውጣቱን ገና አላመነም» አለቻት።

ጎረቤታችን የገባችው ሊጡን አዙሬ ሳበቃ ነው። ኑዌር ናት፤ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ። ባለቤቴን አዋልዳ ልጃችንን ከተቀበለችበት ቀን ጀምሮ የቤት ሰው ሆናለች። አማርኛን የተማረችው በሥራ ላይ ስለሆነ «እርስዎ» የሚለውን ቃል ለማንም ስትጠቀም ሰምቼ አላውቅም። እኔን «ኃላፊ» እያለች ትጠራኛለች፤ ከአክብሮቱ ግን ሹፈቱ ይበልጣል።

«ኃላፊ፣ ዛሬ ቢሮ ገባህ?» አለች ሽርጤን አይታ።

«ሥራ ላይ ነኝ፤ ግቢ።»

ጣቷን ወደ ሳህኑ ዘርግታ «ማን ይቀምስልሃል?» አለች። «አንተ ጾም ነህ። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ጾም የለኝም። ማንኪያ ስጠኝ።»

«አያስፈልግም። ሁሉም በሚዛን ነው የገባው።»

«ሚዛን ምላስ አለው?»

«ልኬቱ ትክክል ከሆነ ጣዕሙም ትክክል ይሆናል።»

«እሺ ኃላፊ። እንግዲህ ማኅተም ምታበት» ብላ እየሳቀች ወደ ባለቤቴ ገባች።

ለምን እምቢ እንዳልኳት ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። በጊዜው ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት የመጀመሪያዋ ቀማሽ ባለቤቴ ትሁን የሚል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ባለቤቴ በየዓመቱ ለፋሲካ ዶሮ የምትሠራው ቅዳሜ፣ ጾም ላይ ሆና ነው፤ ጨውንም ቅመምንም በማሽተት ብቻ እየመጠነች፣ አንድ ጊዜ እንኳ ምላሷ ላይ ሳታደርግ። አንድም ዓመት ጨው በዝቶባት ወይም አንሶባት አያውቅም። እሷ በአፍንጫዋ የምትሠራውን እኔ በሚዛን እሠራዋለሁ ብዬ ነበር። በምላስ አስነክቶ መትፋት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ያለውን ማምለጫ አልወደውም። ሊጡን አሸተትኩት፤ የወተት ሽታ አለው። በመመሪያው የታዘዘውን በሁለት ጣት የሚቆነጠር ጨው ጨመርኩ። ወደ ኦቭኗም ገባ።

የፈራሁት ነገር ሁሉ አልደረሰም። መብራቱ አልሄደም። ኬኩ አበጠ፤ ላዩ መጀመሪያ ወርቃማ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በመጨረሻም እንደ ተቃጠለ ስኳር ጥቁር ሆነ። በሠላሳ አምስተኛው ደቂቃ ሳወጣው መሃሉ ልክ እንደታዘዘው ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጃችን በስልኩ አየችው። ከዚያ «አባዬ፣ የኔ እንኳ እንዲህ አይወጣም» አለችኝ። በሥራ ዘመኔ የተጻፈልኝ የምስጋና ደብዳቤ ብዙ ነው፤ ከዚህች ቃል የሚስተካከል አላገኘሁም።

ቀዝቅዞ ሲረጋ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ አንድ ቁራጭ በሰሃን አድርጌ ገባሁ። ትራሱን ደግፌ ቀና አደረግኋትና የመጀመሪያውን ማንኪያ አጎረስኳት። በአፏ ይዛ ቆየች። ዐይኗን ጨፍና ዋጠች። ወረደላት።

«እንዴት ነው?»

«ሌላ ስጠኝ» አለች።

አራት ማንኪያ በላች። አምስተኛውን በእጇ ገፋ አድርጋ «የቀረውን ነገ» አለችኝ። ለጎረቤታችንም ልወስድላት ስል እጄን ያዘችኝ። እጇ ቀሎ ነበር፤ አያያዟ ግን ጠንካራ።

«ለማንም አትስጥ። ለልጅም፣ ለጎረቤትም። የኔ ነው፤ ሁሉንም እኔ ነኝ የምበላው።»

ይህን ለጎረቤታችን በአጥር ላይ ስነግራት አጨበጨበች። «የራሴ ነው ካለች ትድናለች» አለች። እኔም አመንኳት። ማታውኑ ለልጃችን በቁጥር ዘርዝሬ አስረዳኋት፤ ማንኪያው አራት፤ ውሃም ደግሞ መጠጣት ጀምራለች፤ ለሳምንታት ያልጠጣችውን ያህል ነው የምትጠጣው።

በሁለተኛው ቀን ሦስት ማንኪያ በላች። በሦስተኛው ሁለት፤ በአራተኛው አንድ። ውሃውን ትጠጣ ነበር፤ ከንፈሯ ግን ተሰነጣጠቀ። ሙቀቱ ነው ብዬ ቫዝሊን ገዛሁላት። በአምስተኛው ቀን ማንኪያው አፏ አጠገብ ሲደርስ ጥርሷን ገጠመች። ይቅርታ የምትጠይቅ ትመስል ነበር። አንድ ቁራጭ ጠቅልዬ በፍሪጁ በረዶ ቤት አስቀመጥኩና፣ በፋሲካ አብረን እንገድፍበታለን አልኳት። «ጣለው፤ መብራት ይሄድና ይበላሻል» አለችኝ። አልጣልኩትም። መብራቱም ሄደ መጣ እንጂ ቁራጩ በረዶውን ይዞ ቆየ።

በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ወደ ሆስፒታል ወስጄ አስመዘንኳት። ሠላሳ ስምንት ኪሎ ተኩል። ነርሷ ሚዛኑን ደግማ አስተካክላ መዘነቻት፤ ያው ነው። አዲስ አበባ ላለው ሐኪም ልጃችን ነገረችው። መልሱን ስታስተላልፍልኝ ድምፅዋን ለማስተካከል እየሞከረች ነበር።

«መንገዱ ያደክማቸዋል፤ ባሉበት ይሁኑ ነው ያለው፣ አባዬ። የሕመም ማስታገሻ እዚያው ይሰጧቸው አለ።»

እንደማይነኳት አስቀድሞ ነግሮኝ ስለነበረ ተጨማሪ ጥያቄ አልጠየቅኩም።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ቤቱ ውስጥ ዶሮ አልተሠራም። ጎረቤታችን ገንፎ አምጥታ ባለቤቴን ለማጉረስ ትሞክራለች፤ እሷ ግን በረንዳው ላይ በፍራሽ ጋደም ብላ በእምቢታ ራሷን ትነቀንቃለች። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ያን ቁራጭ ከበረዶው አውጥቼ፣ እስኪለሰልስ ጠብቄ፣ አማትቤ ጎረስኩ።

ጨው ነበር። ትንሽ በዛ የሚባል ዓይነት ጨው አይደለም። ከስኳሩ ጋር ተደባልቆ አፍ የሚያቃጥል፣ ጤነኛ ሰው እንኳ ሳይተፋ የማይችለው ጨው። በሁለት ጣት የቆነጠርኩት ይህን ሊያደርግ አይችልም። መመሪያውን ከግድግዳው ላይ አንድ በአንድ አነበብኩ፤ የተሳሳተ ቁጥር የለም። የአይብ ሻጯ ንግግር ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ፤ ሳምንት ቢያስቀምጡት ምንም አይል።

ሰሃኑን እንደያዝኩ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ጎረቤታችን ፊቴን አይታ ገንፎውን ይዛ ገባች።

«ጨው'ኮ ነው» አልኩ።

ባለቤቴ ሰሃኑን አየችው። «ጣለው ብዬህ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስታጎርሰኝ ፊትህን አላየኸውም። እኔ አይቼዋለሁ።»

«ሌላ እሠራልሽ ነበር! ሁለት ሳምንት ሙሉ ነበረን!» ድምፄ ከፍ አለ። በትዳራችን ዘመን በእሷ ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁባቸውን ቀናት እቆጥራቸዋለሁ፤ ጥቂት ናቸው፤ ይሄኛው ከሁሉም ይከብደኛል።

ለመናገር ጥቂት አረፈች። «ነገ እለምደዋለሁ ብዬ ነበር» አለች። «ከዚያ ደግሞ ደከመኝ።»

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ለማንም አትስጥ ማለቷ የኔን ስሕተት ለመሸፈን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ጎረቤታችን አንድ ማንኪያ ብትቀምስ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይታወቅ ነበር። ከዚያም በፊት፣ ሊጡ ገና ሳይጋገር ይታወቅ ነበር።

በዳግም ትንሣኤ ማግስት ገበያ ወረድኩ። ሴትዮዋ በቦታዋ ነበረች።

«ያን ጊዜ ጾም ነበር'ኮ ጋሼ» አለችኝ። «ገዢ የለ፤ ጨው ካልነሰነስኩበት እጄ ላይ ይበላሻል። ለጎመን መስሎኝ ነው። እርስዎም አልጠየቁኝም።»

አልጠየቅኩም። ያን ዕለት ጨው ያልነካውን ገዛሁ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ መገኘት በሚገባን ሰዓት፣ ሁለተኛውን ኬክ ጋገርኩ። ሊጡን ቀመስኩት። ጎረቤታችንንም ጠርቼ ማንኪያ ሰጠኋት፤ ቀምሳ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ አልቀለደችም። መብራቱ በሃያ አምስተኛው ደቂቃ ሄደና ላዩ ሙሉ በሙሉ አልጠቆረም፤ ውስጡ ግን በኦቭኗ ሙቀት ረጋ። ቆርሼ ቀመስኩ። ጨው አልበዛበትም፤ መሃሉም ልጃችን ቤት በካርቶን የመጣውን ይመስል ነበር።

ለባለቤቴ ወሰድኩላት። አፏን ልትከፍት ሞከረች፤ ማንኪያው ከንፈሯን ሲነካ ግን መልሳ ዘጋችው። ሰሃኑን ወደ አፍንጫዋ እንዳስጠጋላት በእጇ አመለከተችኝ። ለፋሲካ ቅዳሜ ከድስቱ ላይ ጎንበስ ስትል እንደምታደርገው ዐይኗን ጨፍና አሸተተች።

«ይሄኛው ልክ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ይሄንን ስጥ። ለሰው ይሰጣል።»

ኬኩን ሙሉውን በሰሃን አድርጌ በአጥሩ በኩል ለጎረቤታችን ወሰድኩላት። የተቆረሰችውን ትንሽ ቦታ አይታ፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ሰሃኑን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ያን ቀን ኃላፊ አላለችኝም።